ያልፈታሁት ፈረሰኛ

የወዳጄ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ዐይኑን እኔ ላይ ይጥላል። «አባ፣ እስቲ እርስዎ ይናገሩለት፤ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም» ይሉኛል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እነሣና ስለ ፈረሰኛነቱ አወራለሁ። ለጥምቀት ጉግስ ሲወጣ ሜዳው እንዴት እንደሚጠበው፣ ያልተገራ ፈረስ በሦስት ቀን እንዴት እጁን እንደሚያስልሰው፣ ወገቡ የተያዘውን፣ ጎኑ የሞተውን ሁሉ ባዝራው ጀርባ ላይ አስቀምጦ እንዴት እንደሚያፍታታ እነግራቸዋለሁ። ያለቅሳሉ፤ «ነፍሱን ይማር» ይላሉ፤ እኔም «አሜን» ብዬ እቀመጣለሁ። አንዲቷን ነገር ግን አንድም ቀን ተናግሬያት አላውቅም። ያን ሰው ያሰርኩት እኔ ነኝ። በገመድ አይደለም፤ በግዝት ነው ያሰርኩት።

እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ ምኑን እደብቃለሁ? ቁጡ ሰው ነኝ፣ አገር ያውቀዋል። ቁጣዬ ምን እንዳደረገ ግን አገር ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላውን ግማሽ እዚህ ልጻፈው።

ከስማዳ ተነሥተን ጋይንት ቤተ ልሔም ዜማ ለመማር የሄድነው አብረን ነው። አንድ ጎጆ አድረናል፤ አንድ አኩፋዳ ይዘን ለምነናል። ድምፁ ከኔ ድምፅ እጅግ ይበልጥ ነበር። ይህን አሁን ስናገር አያሳፍረኝም፤ ያኔ ግን ሆዴን ያቃጥለኝ ነበር። እኔ ሳምንት ሙሉ የታገልኩትን እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ ይለዋል። ነገር ግን ለንግሥ በዓል ባላባቶች በፈረስ የመጡ እንደሆነ እሱን ቅኔ ማሕሌት ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ፈረሶቹ ከታሰሩበት ጽድ ሥር ቁጭ ብሎ ነው የሚገኘው።

አንድ ቀን የኔታ ጠሩትና፣ «አንተ ልጅ፣ እግዚአብሔር ድምፅ ሰጠህ፤ አንተ ግን ልብህን ለከብት ሰጠኸው» አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «የኔታ፣ ለጋማ ከብት ነው እንጂ ለቀንድ ከብትስ አልሰጠሁም!» ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ራሳቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በዓመቱ ትምህርቱን ጣጥሎ አገሩ ገባ። እኔ ቀጠልኩ፤ ድጓ አስመስክሬ፣ ቅስና ተቀብዬ፣ ሚስት አግብቼ ወገዳ አጠገብ ካለችው ከደብራችን አገልግሎት ገባሁ። የእሱ ማሳ ከኔ ቤት በታች ነበር። የነፍስ አባቱም ሆንኩ። «ኃጢአቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀው የለም እንዴ፤ ምኑን ልናዘዝልህ?» እያለ ይስቅብኛል። ሰው ፊት አንቱ ይለኛል፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ያው አንተ ነበርኩ።

ዳማ ባዝራ ነበረችው። ያረጀች ናት፤ መውለድም ካቆመች ቆይታለች። ባሕርይዋ ግን እንዴት ያለ መሰላችሁ! ሕፃን ከሆዷ ሥር ቢገባ እግሯን ሳታነሣ ቆማ ትጠብቃለች። በጎልማሳነቱ ጉግስ ላይ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ገጠመ፤ እሱ ግን መራመድ አቃተው። ያን ጊዜ ቤት መዋል የማይሆንለት ሰው፣ ወንድሞቹ ተሸክመው ባዝራዋ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። በስድስት ወሩ በእግሩ ሄደ። «ያዳነችኝ እሷ ናት፤ ወጌሻውማ አጥንቴን ብቻ ነው የገጠመው» ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ ወገቡን ያመመው ሰው ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ወደ ልጄ ልምጣ። በአራት ዓመቷ ክፉ ትኩሳት ያዛት። ማጅራቷ ደርቆ፣ ዐይኗ ተገልብጦ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ሞተች አልሞተች እያልን ከረምን። ነፍሷ ተረፈች፤ ከወገቧ በታች ግን አልታዘዝ አላት። እግሮቿ እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር አሉ፤ ጭኖቿ እርስ በርስ ተቆላለፉ። ደግፈው ካላስቀመጧት ወደ ጎን ትወድቃለች። ሦስት ዐቢይ ጾም ጠበል ይዣት ገባሁ። ቆሜ ጸለይኩ፤ ሰገድኩ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ድረስ ሰገድኩ። እናቷ ሰባት ዓመት የሞላትን ልጅ በአንቀልባ ታዝላት ነበር፤ እግሮቿ ከኋላ ተንጠልጥለው መሬት ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም።

አንድ ቀን ከጠበል ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘን። ልጅቷን ከእናቷ ጀርባ ላይ አየና፣ «እስቲ ይህችን ልጅ ስጠኝ» አለኝ።

«ወዴት ልትወስዳት?»

«ባዝራዬ ላይ ላስቀምጣታ።»

«አብደሃል? ቁጭ ማለት ያቃታት ልጅ ፈረስ ላይ?»

«እንዲያውም ቁጭ ማለት ስላቃታት ነዋ! ስማኝማ፣ ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበት ሰው ወገብ አብሮ ይራመዳል። እሷ ሳታውቀው ወገቧ መሄድ ይማራል። በኔ ደርሷል፤ የማወራው ስለማውቀው ነው።»

ሚስቴ አየችኝ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ጥር ላይ ነበር፤ እህሉ ተወቅቶ ዐውድማው ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ዐውድማው ላይ ናቸው። ኮርቻ የለም፣ ርካብ የለም፤ ደበሎ ብቻ ጣል አድርጎባታል። ልጄን ደግሞ አላስቀመጣትም፤ እንደ ጭነት በሆዷ አጋድሟታል። «ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ቀስ በል። እግሯን በግድ ብከፍተው ታለቅሳለች፤ ያለቀሰ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ይገተራል። የባዝራዋ ሙቀት ራሱ ይክፈተው» አለኝ። በእውነት ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዷ እያጋደመ ነው ያዞራት። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው እግሯ በወዲህ፣ ሌላኛው በወዲያ ሆኖ አየኋት። ጋማውን ጨምድዳ ይዛ ትስቃለች። ልጄ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር?

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ነው። እሱ በአንድ እጁ ልጓሙን፣ በአንድ እጁ ጭኗን ይዞ ዐውድማውን ይዞራል። «እጅሽን ወደ ላይ! አሁን ወደ ጎን! እስቲ ወደ ጭራዋ ዙሪ!» ይላታል። ሲያሻው ደግሞ ከቤተ ልሔም ያመጣውን ዜማ ይጀምርና ሆን ብሎ ያበላሸዋል። «አባትሽ እንዴት ነው የሚለው?» ሲላት ደረቷን ነፍታ፣ ቀና ብላ፣ ትክክሉን ትለዋለች። እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ሰው ቂል ነው ያሉት ሰዎች አልቀሩም፤ እሱ ግን ልጅቷ ቀና እንድትል እንጂ ዜማውን አጥቶት አይደለም።

ሰኔ ላይ፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ ልጄ ማንም ሳይደግፋት መሶብ አጠገብ ቁጭ ብላ በላች። እናቷ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ ከቤት ወጥቼ ከጓሮ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ደስታ ብቻ ግን አልነበረም። ሦስት ዓመት ያልተሰማው ጸሎቴ ትዝ አለኝ። ይህን ማለት ለቄስ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንዲያ ነበር።

ክረምቱን ከሜዳ ወደ ሜዳ እየመረጠ ሲያዞራት ከረመ። ሌሎችም መምጣት ጀመሩ። ግማሽ ጎኑ የሞተ ሽማግሌ ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ወገቧ የተያዘ ሴት ነበረች። ማንንም አልመለሰም፤ ከማንም ምንም አልተቀበለም። ኅዳር ላይ ልጄ የባዝራዋን ጋማ ይዛ ቆመች። በሳምንቱ አጥር እየተደገፈች አራት ርምጃ ሄደች። ሄዳም ማንን ጠራች? «አያ! አያ! አየኸኝ?» እያለች እሱን። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ እኮ! ከእሱ ይልቅ ለእሷ እቀርባታለሁ። ዞር ብላም አላየችኝ።

በዚያው ወር የመድኃኔ ዓለም ማኅበር እኛ ቤት ወጣ። ጠላው ሲሞቅ አንዱ ቀልደኛ ተነሣና፣ «አባ፣ ጠበሉን ይተዉትና እንግዲህ ባዝራዋን ይባርኩልን! ሦስት ዓመት ውኃ ያልፈታውን በአንድ ዓመት ፈታችው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወዳጄም ሳቀ። «ኧረ ቀስ በሉ፣ ነገ ታቦት ትውጣ እንዳትሉኝ!» አለ። ነገሩን ለማብረድ እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ሁልጊዜም ጠብ በቀልድ ማብረድ ልማዱ ነው። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። ጽዋውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ «አባ ደከማቸው» ተባለ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ቅጥር ግቢው ውስጥ ሰብሰብ እንዳለ መስቀሌን ይዤ ቆምኩ። ልጄ ከእናቷ ጋር ቤት ነበረች። ስሙን ጠርቼ ወደ ፊት አወጣሁት። «ሰው ጠበሉን ንቆ ወደ ከብት እየሄደ ነው» አልኩ። እንግዲህ ስሙት ይህን ምክንያት! «ከዛሬ ጀምሮ ልጄንም ሆነ ሌላ በሽተኛ ፈረስ ላይ ብታወጣ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቼሃለሁ!»

በቁጣ መገዘት ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ፤ ሌላውንም አስተምሬበታለሁ። እሱ ግን አልተከራከረም። መጣ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ መስቀሉን ተሳለመ። «እሺ፣ አባ» አለኝና ሄደ።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። ሚስቴ ምሳ አላቀረበችም። «አንቱ፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ።

«ሥርዓት ነው።»

«ሥርዓቱ የልጄን እግር ያነሣልኛል?»

«ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ፈረስ ላይ መቀመጧም ነውር ነው፤ ነገ ማን ያገባታል?» አልኩ። ሚስቴ ትክ ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስለ ነውር ያሰብኩት እዚያው ቆሜ መሆኑን አውቃለች።

ልጄን ማን ይንገራት? እኔ አልነገርኳትም። በማግስቱ በደጃፋችን ሲያልፍ በሩ ላይ ተቀምጣ፣ «አያ፣ ባዝራዋስ?» ስትለው ሰማሁ። ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። አሁን ነው የምጋለጠው አልኩ። እሱ ግን፣ «ባዝራዬ አርግዛለች፣ የኔ እመቤት። ያረገዘች ባዝራ አትጫንም። ስትወልድ አወጣሻለሁ» አላት። ያቺ አሮጊት ባዝራ! ልጄ እጇን እያጨበጨበች፣ «ወንድ ነው ሴት?» ትለዋለች። «እሱን እሷ ታውቃለች» አላት። ልጄ እኔን እንዳትጠላኝ ብሎ ዋሸላት። ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሰምቼ ዝም አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻችንን ስንገናኝም አንተ ማለቱን ተወ። ድሮ ትከሻዬን መትቶ የሚያልፈው ሰውዬ፣ ከሩቅ ሲያየኝ ነጠላውን ዝቅ ያደርግና፣ «ይፍቱኝ አባ» ይለኛል። ይህ የማንም ምእመን ሰላምታ ነው፤ በቀን ስንቱ ይለኛል። እኔም ለማንም እንደምለው፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» እለዋለሁ። እሱ ግን መልሴን ከሰማ በኋላ ወዲያው አይሄድም። ጥቂት ይቆማል። የሚለምነኝ የምሩን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሳምሬ አውቃለሁ። ያሰረ ቄስ ራሱ ነው የሚፈታው፤ ሌላው ገብቶበት አይፈታለትም። መስቀሌ ብብቴ ውስጥ ነው። ነገሩን በእግዚአብሔር ላይ ጥዬ አልፋለሁ።

ለምን አልፈታሁትም? ብፈታው አጥፍቻለሁ ማለቴ ነዋ! በመጀመሪያው ወር ትንሽ ይቀጣ አልኩ። በሁለተኛው ወር ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ራሱ ከበደኝ። ልጄ ጥር ላይ መቆም ተሳናት። ሰኔ ላይ ጭኖቿ ተመልሰው ተቆላለፉ። እኔ በቅቤ አሻት ነበር፤ ምንም አልተላቀቁም። «ባዝራዋ ወለደች?» ትላለች፤ እናቷ እኔን ታየኛለች። የሽማግሌውም ጎን ተመልሶ ደረቀ፤ በዚያው ክረምት ሞተ። ያን ጊዜ እንኳ አልፈታሁም። ወይ ነዶ!

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ወገዳ ገበያ ስወርድ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰው የለም፤ ሁለታችን ብቻ ነን።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። «አንተ መቼ ትፈታኛለህ?»

ከዓመት በኋላ አንተ አለኝ። ከቤተ ልሔም ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ፊቴ ቆሟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ እየለመነኝ ነው። ልቤ ያን ጊዜ ተሸንፏል። አሸንፎኛል። ታዲያ መስቀሌን አውጥቼ እዚያው አልፈታውም? አልፈታሁትም። በሕዝብ ፊት ያሰርኩትን በሕዝብ ፊት ልፍታው አልኩ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ «አባ ይቅር ባይ ናቸው» መባል አምሮኝ ነው። «ፋሲካ ይድረስ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እውነትህን ነው?»

«ብያለሁ!»

«ባትለኝ ኖሮ እኔም አንተን ልገዝትህ ነበር» ብሎ ሳቀና ትከሻዬን መታኝ። ከዓመት በላይ ያልመታኝን ትከሻዬን። እየዘፈነ ቁልቁል ወረደ፤ በጾም መዝፈኑን ሰምቼ እንኳ አልተቆጣሁትም። ቆሞ ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ሰዎች መጥተው ጠሩኝ። በቃሬዛ ተሸክመው ከበሽሎ በረሃ አውጥተውታል፤ ንዳድ ይዞታል። ቤቱ ስደርስ ደጅ ላይ አንድ የማላውቀው ቀይ ሰንጋ ፈረስ ታስሯል። ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችኝ። «ምን ሊሠራ ነው በጾም ምድር በሽሎን የተሻገረው?» ብዬ ተቆጣሁባት፤ የምቆጣው ሳጣ። እሷም ያለ ምንም ተንኮል፣ እያለቀሰች ነገረችኝ። «አባ ፋሲካ ላይ ሊፈቱኝ ነው አለኝ። ባዝራዋ አርጅታለች፤ ልጅቷ ደግሞ አድጋለች፤ አትችላትም፤ ወሎ ደጋ ገር የሆነ ሰንጋ አለ ብለውኛል ብሎ ሄደ። እነሆ ፈረሱን አምጥቶላታል።»

ገባሁ። ዐይኑ ተከፍቷል፤ አያይም። ይቃትታል። አጠገቡ ተንበርክኬ መስቀሌን ግንባሩ ላይ አደረግሁና፣ «ፈትቼሃለሁ» አልኩት። አፌን ጆሮው ላይ ገጥሜ፣ «ስማኝ፣ እኔ ነኝ፤ ፈትቼሃለሁ! በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ፈትቼሃለሁ!» አልኩ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሚስቱ ትከሻዬን ይዛ፣ «አባ፣ ተዉት፤ አሁንማ ምን ይሰማል ብለው ነው» አለችኝ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ዐረፈ።

የነፍስ አባቱ ነኝና ፍትሐት የመራሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳለ አንዲት ቃል የነፈግሁትን ሰው፣ ከሞተ በኋላ ይፈታ ዘንድ ሰዓታት ሙሉ ቆሜ ጸለይኩለት። ድምፄ ተቆራረጠ፤ ዲያቆኑ እየተቀበለ ረዳኝ። «ለጓደኛቸው እንዴት አዘኑ!» ሲሉ ሰማሁ። ለለቅሶው ባዝራዋን አልብሰው፣ ጋሻውን ጭነው፣ ለቀስተኛው መካከል አዞሯት። ልጄ ከእናቷ ጀርባ ሆና ስታያት ቆየችና፣ «አባዬ» አለችኝ፣ «አልወለደችም እኮ። አያ ስትወልድ አወጣሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ቤት ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ባዝራዋ አላረገዘችም ነበር» አልኳት። «እሱ እንዳያወጣሽ የገዘትኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ስለ ጠበል ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስለ ነውርም ማለት እችል ነበር። «ቀንቼ ነው» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳምንታት ሙሉ አላናገረችኝም፤ እናቷ ስታቀርብልኝ ከበላሁበት መሶብ አልበላ አለች። ፋሲካም በዚያው አለፈ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የሟች ሚስት ቀዩን ሰንጋ እየሳበች መጣች። «ለእሷ ብሎ ያመጣው ነው፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ?» ብላ ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ በሩ ላይ ሆና ስታይ፣ «ያውጡኝ» አለችኝ። ከዚያች «ለምን?» ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

አላውቅበትም ነበር። እግሯን በእጄ ልከፍት ስሞክር ጮኸች። የሟች ሚስት ገፋ አደረገችኝና፣ «እንዲህ አይደለም፤ እሱ በሆዷ ነበር የሚያጋድማት» ብላ አሳየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ኪዳን አድርሼ፣ ጥምጥሜን ሳልፈታ ልጓም እይዛለሁ። «ቄሱ ፈረስ ሳቢ ሆኑ» ተባለ፤ ይባል! የመጣውንም በሽተኛ ሁሉ አወጣሁ። ልጄ ወገቧ ተመልሶ ቀና አለ፤ ያለ ደጋፊ ተቀመጠች፤ እንዝርት ይዛ መፍተል ቻለች። ጭኖቿ ግን ለሰንጋው ጀርባ ያህል ብቻ ተላቀቁ፤ ከዚያ አልፈው ሊያቆሟት አልቻሉም። ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ፤ እኔም እሷም ስለ መራመድ ማውራት ተውን።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ አንድ ሐኪም ለጥቂት ቀን መጥቷል ሲባል ሰንጋው ላይ አስቀምጬ ወሰድኳት። ሐኪሙ እግሯን አጥፎ ዘረጋ፤ ጀርባዋን ዳሰሰ። ወገቧ እንዲህ ቀጥ ያለው በምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ተገረመ። «ይህን የጀመረላት ሰው ምን ተምሮ ነው? በውጭ አገርም እንዲህ የሚያደርጉ አሉ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕፃን ሳለች ጅማቷ ሳይጠና የተቋረጠው ለምንድን ነው? አራት ርምጃ ከሄደች በኋላ እኮ ሊቋረጥ አይገባም ነበር» አለኝ። ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት ነው፤ ልጄ ግን ሰምታለች።

ስንመለስ እኔ ከፊት ልጓሙን ይዤ እስባለሁ፤ እሷ ከላይ ናት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ «አባዬ፣ ይቁሙ» አለችኝ። ቆምኩ።

«አያ ያኔ ባያቆም ኖሮ፣ እኔ እሄድ ነበር?»

እግዚአብሔር ያውቃል ልላት ምላሴ ላይ ደርሷል። ዕድሜዬን ሁሉ ሳላስብ የምለው ቃል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ዋጥኩት። ፊቷን አላየሁም፤ የሰንጋውን አንገት እያየሁ፣ «አዎን፣ ልጄ። ትሄጂ ነበር» አልኳት።

ስታለቅስ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። ሰንጋው ዝንብ ለማባረር ጭራውን ሲያወዛውዝ ይሰማኛል። «በሉ፣ ይሳቡ» አለችኝ። ልጓሙን አጥብቄ ይዤ ወደ ቤት ሳብኩ።